ትርፍ ደቂቃ

“ወንድሜ፣ ከቁልፎቹ በታች አንዲት ትንሽ ብረት ተለጥፋለች፣ አየሃት? ላይዋ ላይ ቁጥር አለ። እስቲ ቀስ ብለህ አንብብልኝ።”

እትዬ መስመር ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል ሸጉጠው፣ በግራ እጃቸው ለመካኒኩ መልእክት ይልካሉ። ከጎናቸው በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ተለማማጅ የሞባይሏን ሰዓት ቆጣሪ ካስነሳች ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል። አሳንሰር ውስጥ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል የቀረው ሰውዬ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቁጥሩን አነበበ።

“የመጨረሻዋ ስድስት ናት ስምንት?”

“ስድስት… ስድስት ናት።”

“እርግጠኛ ነህ? ጎንበስ ብለህ ደግመህ እያት። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ በል። ግድ የለህም፣ ሱሪ ይታጠባል።”

ቁጥሩን አልጻፉትም። ገና ደወሉ ሲጮህ ኮምፒውተሩ ላይ ወጥቷል። ሰውዬው ግን ጎንበስ ሲል፣ ሲያነብ፣ ሲቀመጥ ትንፋሹ ረጋ። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። መካኒኩ ደርሶ በሩን ሲፈለቅቀው፣ ሰውዬው አማቱ ቤቱ ከገባች ወዲህ ያየውን አበሳ እየተረከ ነበር።

“ተከፈተልህ? በል ደህና ዋል። ዛሬ እንኳን በደረጃ ውረድ።” ስልኩን አስቀመጡና ወደ ልጅቷ ዞሩ። “ስንት ሆነ፣ ደብተር?”

“ሠላሳ አንድ።”

“ሠላሳ አንድ ደቂቃ ሙሉ አማቱን ሲያማ! ሊፍቱ ባይቆምለት ይሄን ሁሉ ለማን ይነግር ነበር?”

ልጅቷም ሳቀችና ሠላሳ አንድን ጻፈች። ደብተር የሚለውን ቅጽል ያወጡላት መካኒኮቹ ናቸው፤ ሦስት ወር ሙሉ ደብተር ከእጇ ስላልተለየ። እትዬ መስመርንም የሰየሟቸው እነሱው ናቸው። ድርጅቱ አሳንሰር ይተክላል፣ ይጠግናል። ከላይ ያሉት አምስት ፎቆች መስታወትና ምንጣፍ ሲሆኑ፣ የጥሪ ክፍሉ ግን ምድር ቤት ነው፤ ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። በከተማው ውስጥ አሳንሰር ያገተው ሰው ሁሉ ደወሉን ሲጫን የሚጮኸው እዚህ ነው። እትዬ መስመር ይህን ስልክ ሲያነሱ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አለቃ ያላወጣው የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ በሩ ሳይከፈት መስመር አይዘጋም። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሽንታቸውን ይዘው አንዲት ነፍሰ ጡር እንዳዋሩ ይነገራል። እሳቸው ግን “ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው” ብለው ያርማሉ።

አንድ ቃል ደግሞ ከአፋቸው አይወጣም። “አይዞህ ካልሽው የሚያስፈራ ነገር አለ ብለሽ ነገርሽው ማለት ነው” ብለዋት ነበር በመጀመሪያው ሳምንት። “ሥራ ስጪው። ሰው ሥራ ከያዘ መፍራት ይረሳል።” ልጅቷ ይህንንም ጽፋዋለች። የማትጽፈው ነገር አልነበረም።

ዛሬ የመጨረሻዋ ቀን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አምስተኛ ፎቅ ወጥታ ለአለቆቹ ገለጻ ታደርጋለች፤ ከአራቱ ተለማማጆች የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። እሷ ቤት ስትቀመጥ ደግሞ አባቷም ተቀመጠ፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ ዓይኑ ደከመና መንጃ ፈቃዱን መለሰ። አሁን ቤቱ የቆመው በእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ነው። አባቷ ጠዋት በር ድረስ ሸኝቷት፣ “አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ ዛሬ አፍሽን ደህና አድርገሽ ክፈቺ” ብሏታል። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ትልቅ ድርጅት ገባች ብሎ አውርቶ ጨርሷል። ገና ተለማማጅ መሆኗን ሰው ሲነግረው የሰማ አይመስልም።

“ኢንተርንሺፕ ማለት የሦስት ወር ቃለ መጠይቅ ነው” ብላቸው ነበር የሰው ሀብት ኃላፊዋ በመጀመሪያው ቀን፣ አራቱን በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ። “የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ሞልቷል። እናንተ ያልታዘዛችሁትን ሥሩ። ዕድላችሁን ተጠቀሙበት።”

ልጅቷ የታዘዘችው የጥሪ አቀባበሉን ሂደት አንድ በአንድ እንድትጽፍ ነበር። ጻፈች። እትዬ መስመርም በጭንቅላታቸው የያዙትን ሁሉ ዘረገፉላት፤ የትኛው ሕንፃ ዝናብ ሲዘንብ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ዘበኛ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ይዞ እንደሚጠፋ ሳይቀር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ግን ሽያጭ ክፍል የተመደበውን ተለማማጅ ባለቀለም ሠንጠረዥ ይዞ ከአለቆቹ ጋር ሲሳሳቅ አየችው። ደነገጠች። እኔ ምን ይዤ ልወጣ ነው አለች። እናም ያልታዘዘችውን ሠራች። የመዘገበቻቸውን አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጥሪዎች ደርድራ የእያንዳንዱን ሰዓት ለሁለት ከፈለችው፦ አንዱ አምድ “አስፈላጊ”፣ ሌላው አምድ “ትርፍ”። የሕንፃው ስም፣ የፎቁ ቁጥር፣ የሰዉ ብዛት፣ መካኒክ መላኩ አስፈላጊ። አማት፣ ቁርስ፣ የብረቷ ቁጥር ትርፍ። ሠርታ ስትጨርስ በጣም ደስ አላት። ሠንጠረዡ ያምር ነበር።

በምሳ ሰዓት እትዬ መስመር በሩን ገርበብ አደረጉትና ሰማያዊ ጃኬታቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

“በዚህ ሹራብ ነው የምትወጪው? በይ ልበሺው። ትንሽ ይሰፋሻል እንጂ ደህና ጨርቅ ነው።” ኮሌታዋን አስተካከሉላት። “እስቲ እኔን አለቃ አድርጊኝና ንገሪኝ። ሥራ አስኪያጁ ነኝ፤ አላምንሽም፣ ስልኬንም እያየሁ ነው።”

ስልካቸውን አውጥተው እያዩ ፊታቸውን ሲያኮሳትሩ ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ጀመረች። የመጀመሪያውን ገጽ፣ ሁለተኛውን፣ እስከ አምስተኛው በደንብ አስረዳች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠች።

“እዚያ መሃል ያለፍሽው ምንድነው?”

“ቁጥር ነው እትዬ። የሚያሰለች ነገር ነው።”

“ቁጥር ይወዳሉ እነሱ። እንዳትዘይው።”

ስለዚህ አላወቀችም ማለት አይቻልም። እጇ ያውቅ ነበር።

አምስተኛ ፎቅ ላይ አምስት ሰዎች ነበሩ። እንደተባለውም የሥራ ክንውን ኃላፊው ስልኩን እየነካካ ነበር። ስድስተኛው ገጽ ከነሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ሲበራ ቀና አለ።

“ቆይ፣ ይቺን አቆዪያት። ይሄን ማን ነው ያዘዘሽ?”

“ማንም። በራሴ ነው።”

“በራስሽ!” ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። “ሁለት ዓመት ሙሉ ስንፈልገው የነበረ ቁጥር እኮ ነው ይሄ። ስለዚህ በአማካይ ከሠላሳ ስድስቱ ደቂቃ ሠላሳ ሁለቱ ትርፍ ነው። ልክ ነኝ?”

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ትርፍ የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው ብትል ይቻል ነበር። ቢያንስ ትንሽ ላስብበት ማለት ይቻል ነበር። አምስቱም ያዩዋታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንደዚያ አይቷት አያውቅም።

“አዎ” አለች።

“አራት ደቂቃ ከሆነ የተቀዳ ድምፅም ይሠራዋል።”

“ሴትዮዋስ?” አሉ ሥራ አስኪያጁ።

“ለጡረታ ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል፤ ቀድመው እንዲወጡ ደብዳቤያቸው ከተዘጋጀ ቆይቷል” አለች የሰው ሀብት ኃላፊዋ። “የጎደለው ምክንያቱን የሚያስረዳ አባሪ ነበር።” ከዚያ ለልጅቷ ፈገግ አለችላት። “እንኳን ደስ አለሽ። ውልሽ አሥር ተኩል ላይ ይደርሳል። ሥራ አስኪያጁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለመንገድ ስለሚወጡ እሳቸው ፊት ፈርሚ። ጃኬትሽ ደግሞ ያምራል።”

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። የሰው ጃኬት ግን ያን ቀን አደመቃት።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ አባቷ ጋ ደወለች።

“አባዬ፣ ቀጠሩኝ።”

“ፈረምሽ?”

“አሥር ተኩል ላይ ነው።”

“ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ስትፈርሚ ደውይልኝ” አላት፤ ስልኩ ሳይዘጋ ግን እናቷን ሲጣራ ሰማችው። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

ምድር ቤት ስትወርድ እትዬ መስመር ከወንበራቸው ተነሥተው ጠበቋት።

“እህሳ? ቀጠሩሽ?”

“ቀጠሩኝ።”

“እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ! እኔ አላልኩም?” ግንባሯን ሳሟት። “ሰኞ መጥተሽ እላይ ፎቅ ላይ ነኝ ብለሽ እንዳትኮሪብኝ።”

“እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…”

የውስጥ ስልኩ ጮኸ። እትዬ መስመር አንስተው አዳመጡና “እኔን? አሁን?” አሉ። ሲያስቀምጡት ግራ እንደመጋባት ብለው ነበር። “ከሰው ሀብት ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሲጠሩኝ ይሄ ሦስተኛዬ ነው፤ ሰዓት ሊሸልሙኝ ይሆናል። በይ ጃኬቴን ስጪኝ እንግዲህ፣ ተራው የእኔ ነው።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልጅቷ ጃኬቱን አወለቀች፣ አለበሰቻቸውም። ልትናገር ፈልጋ ኮሌታቸውን ብቻ አስተካከለችላቸው።

“መስመሩን ያዢልኝ” ብለዋት ወጡ።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ደወሉ ጮኸ። ስምንት ፎቅ ያለው አሮጌ መኖሪያ ሕንፃ ነው። የሽማግሌ ድምፅ፣ “ሴትዮዋ የሉም እንዴ?” አለ።

“ወጣ ብለዋል አባባ፤ እኔ አለሁ። ስንተኛ ፎቅ ላይ ነዎት?”

“በአምስትና በስድስት መሃል መሰለኝ። ጨለማ ነው። ቆሻሻ ልጥል በነጠላ ጫማ ወጥቼ… ባለቤቴ አልጋ ላይ ናት፣ መነሣት አትችልም። ሁለት ደቂቃ ብያት ነው የወጣሁት።”

ልጅቷ ሰዓት ቆጣሪውን አስነሣች፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ስም ጠየቀች፣ ብቻቸውን መሆናቸውን አረጋገጠች፣ መካኒኩን ላከች። መካኒኩ ከከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል አላት። አራተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል ለአጭሩ ጥሪ በገለጻዋ ላይ በራሷ እጅ የጻፈችውን የመዝጊያ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፦

“ባለሙያ እየመጣ ነው። ስለደወሉልን እናመሰግናለን።”

እንደ ወረቀቱ ከሆነ እዚህ ላይ ይዘጋል። እጇ ወደ ስልኩ ወረደ። በመስመሩ ውስጥ የሽማግሌው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ ያለ፣ እንደማፈር ያለ ድምፅ መጣ።

“ልጄ፣ ዘጋሽው?”

“አልዘጋሁም።” አይዞዎት የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰና ዋጠችው። “አባባ፣ ከቁልፎቹ በታች አንዲት ብረት አለች፣ ቁጥሯን…”

“መነጽሬን አልያዝኩም።”

ደብተሯ ውስጥ ከዚህ ቀጥሎ የሚደረግ ነገር አልተጻፈም። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ የሚረዳት አልነበረም።

“የያዙት ፌስታል ውስጥ ምን አለ?”

“ቆሻሻ ነዋ!”

“ምን ምን ቆሻሻ?”

ሽማግሌው ሳቁ፤ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። “ጉድ ነው መቼም። የሽንኩርት ልጣጭ አለ። የመድኃኒት ካርቶን። የተሰበረ ብርጭቆ…”

“እጅዎን እንዳይቆርጥዎት። ማን ሰበረው?”

“እሷ ናት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቅባታል። ግን ማን ሰበረው ስትለኝ እኔ ነኝ አልኳት። ሁልጊዜ እኔ ነኝ እላታለሁ። አሁን እንግዲህ ሌባ ዓይኔን አፍጥጬ ስዋሽ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።”

የጥሪ ክፍሉ በር የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነበር።

እትዬ መስመር ፖስታ ይዘው ገቡ። ወንበራቸው ላይ ልጅቷ ስለነበረች በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ሳይሆን ከኋላው የተያያዘውን ወረቀት እንደገና ማንበብ ጀመሩ። ስድስተኛው ገጽ ነው። ግርጌው ላይ የልጅቷ ስም ከነአባቷ ታትሟል። አንድ መቶ አሥራ ሁለቱንም መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ።

“በምሳ ሰዓት ያለፍሽው ይሄን ነው” አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ልጅቷ የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፈነች። “እትዬ፣ እኔ…”

“ልጄ? አለሽ?” አሉ ሽማግሌው።

መዳፏን አነሣች። “አለሁ፣ አባባ። ከዚያስ? አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አልነቃችብዎትም?”

ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም። ሽማግሌው ሲያወሩ እሷ እያዳመጠች ትመልሳለች፤ ዓይኗ ግን የእትዬ መስመርን ጣት ይከተላል። ጣቱ አንዳንድ መስመር ላይ ይቆማል። “ይቺ ባለፈው ወር የደወለችው አስተማሪ ናት” አሉ አንድ ጊዜ ለራሳቸው። “አርባ አንድ ትርፍ።”

የውስጥ ስልኩ ጮኸ። እትዬ መስመር አነሡት።

“እሺ… እነግራታለሁ… ሰው መስመር ላይ ይዛለች… እህ። አራት ደቂቃ አይደል ወይ አልሽኝ?” ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። “ሥራ አስኪያጁ ሊወጡ ነው። ከመንገድ የሚመለሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ዛሬ ካልፈረመች እንደገና እናየዋለን ይላሉ።” እጃቸውን ዘረጉ። “አምጪው፣ እኔ እይዝልሻለሁ። ሂጂ። እንጀራሽ ነው።”

ልጅቷ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻላት ነበር፤ ስልኩን ሰጥታ በደረጃው ትሮጥ ነበር። ስለ አባቷ አሰበች፤ ስለቆመው የስፌት መኪናም አሰበች። ጭንቅላቷን በአሉታ ነቀነቀች።

“አትጃጃይ ልጄ! ለእኔ የሚጠቅመኝ ነገር የለውም።”

“አውቃለሁ” አለቻቸው፤ ከዚያ ወደ ስልኩ፣ “ብርጭቆው ምን ዓይነት ነበር፣ አባባ?”

በመስኮቷ ከሥራ የሚወጣው ሰው ጫማ ማለፍ ጀመረ። አንድ ትልቅ መኪና ከግቢው ሲወጣ ተሰማ። እትዬ መስመር እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ እዚያው ተቀምጠው ስለማያውቁት ብርጭቆ ሰሙ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መካኒኩ በሩን ከፈተ።

“ይኸው ብርሃን! ልጄ፣ ቆሻሻውን ልጣለው ወይስ ልመለስ?”

“ወደ ባለቤትዎ ይመለሱ። ቆሻሻው የት ይሄዳል?”

ስልኩን አስቀመጠች። ጆሮዋ ሞቆ ነበር። ከዚያ እትዬ መስመር እንደሁልጊዜው ጠየቁ።

“ስንት ሆነ?”

“ሠላሳ ስምንት።”

“ትርፉስ?”

ልጅቷ ከጉልበታቸው ላይ ስድስተኛውን ገጽ አነሣችው። “ልውሰደው?”

“ውሰጂው። ደብዳቤው እንደሆነ ያለሱም ያስወጣኛል።”

ከሠንጠረዡ መጨረሻ ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በእስክሪብቶ አንድ መቶ አሥራ ሦስተኛውን መስመር ጨመረች። የሕንፃውን ስም ጻፈች። በአስፈላጊው አምድ ሠላሳ ስምንት አለች፤ በትርፉ አምድ ዜሮ። አንድ መስመር አማካዩን እንደማይለውጠው ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቁጥሩን ያወጣችው እሷ ናት። ከዚያ ከላይ ያሉትን አንድ መቶ አሥራ ሁለቱን የትርፍ ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች በአንድ ረጅም መስመር ሰረዘቻቸው፣ ከጎኑም ፈረመች።

“ይሄን አይተው ሰኞ ሊያባርሩሽ ይችላሉ” አሉ እትዬ መስመር። ጃኬታቸውን እየቆለፉ ነበር።

“ገና መች ቀጠሩኝና።”

እትዬ መስመር ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አልሳቁም። የማታ ተረኛው ገባ።

ልጅቷ በደረጃው አምስተኛ ፎቅ ወጣች። መብራቱ ጠፍቷል፤ የሥራ ክንውን ኃላፊው በር ተቆልፏል። ስትንበረከክ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ፤ አባቷ ነው። እንዲጮህ ተወችው። ወረቀቱን በበሩ ሥር፣ ጫፉ ከእጇ እስኪጠፋ ድረስ ገፋችው። ከዚያ ስልኩን አነሣች።